ቆይ፣ አንዴ ይቺን ልጨርስ፦ ስለ ወላጆች የስልክ ልማድና ስለ ማስተካከያው

ወላጆች ስለ ልጆችና ስለ ስክሪን ለመነጋገር ሲሰበሰቡ ጥያቄው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ልጄ ስልክ አልለቅ አለኝ፣ ታብሌቱን ስቀበለው ቤቱን በጩኸት ያናጋዋል፣ በቀን ስንት ሰዓት ልፍቀድለት? ለዚህ የተጻፈ መልስ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ጭራሽ ስክሪን ፊት ባይቀመጡ ይመክራል፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ካነሰም ይሻላል ይላል። የዛሬው ንግግራችን ግን ስለ ሌላኛው ስልክ ነው፤ ወላጁ እጅ ላይ ስላለው።

ከአንድ የቆየ ጥናት እንጀምር። ኮመን ሴንስ ሚዲያ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት ከ8 እስከ 18 ዓመት ልጆች ያሏቸው ወላጆች በቀን በአማካይ 9 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ስክሪን ላይ እንደሚያሳልፉ አሳይቶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ለሥራ የዋለው ትንሹ ነው፤ 7 ሰዓት ከ43 ደቂቃው የግል ጉዳይ ነበር። እነዚሁ ወላጆች ለልጆቻችሁ ጥሩ አርአያ ናችሁ ወይ ተብለው ሲጠየቁ 78 በመቶዎቹ አዎ አሉ። ሰዎቹ ዋሽተው አይመስለንም። የራስን ስልክ አጠቃቀም ከውስጥ ሆኖ ማየት በእውነት ከባድ ነው፤ እያንዳንዷ ስልክ የተከፈተችበት ጊዜ የራሷ ምክንያት አላት፣ ምክንያቱም ሁሌ ትክክል ይመስላል።

ያም ሆኖ የዚህን ንግግር ዋና ሐሳብ በጠቅላላ ሰዓቱ ላይ አናቆመውም። ጠቅላላ ሰዓት ደካማ መለኪያ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ 2 ሰዓት ሙሉ ፊልም የሚያይ አባት አለ። በሌላ ቤት ደግሞ በቀን የምትጠቀመው ከ1 ሰዓት የማይበልጥ፣ ያቺ 1 ሰዓት ግን በ30 ወይም በ40 ቦታ ተቆራርጣ ልጁ ነቅቶ አጠገቧ ባለበት ምሽት ላይ የተበተነችባት እናት አለች። በስልኩ ቁጥር የምትሻለው እናትየዋ ናት። በልጁ በኩል ካየነው ግን የሚጎዳው የእሷ አጠቃቀም ነው። ልጁን የሚነካው ስልኩ ላይ የሚቆዩበት ርዝመት አይደለም፤ መቆራረጡ ነው። ስለዚህ መቆጣጠር ያለብን ልጁ አጠገባችን ባለበት ሰዓት ስልኩ ስንቴ እንደሚከፈት ነው። ከዚህ በኋላ የምንላቸው ሁሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

መቆራረጡ ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠራውን ሙከራ ማስታወስ ይጠቅማል። እናት ከጥቂት ወር ሕፃኗ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ትጫወታለች። ከዚያ ለአጭር ጊዜ ፊቷን ድርቅ አድርጋ፣ ሳትናገርና ሳትስቅ ታየዋለች። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ድምፅ ያወጣል፤ የለመደውን መላ ሁሉ ይሞክራል። ሳይሳካለት ሲቀር ፊቱን ያዞራል፣ ይነጫነጫል፣ ብዙዎቹም ያለቅሳሉ። እናት ወደ ቀድሞው ፊቷ ስትመለስ እንኳ ሕፃኑ ወዲያው አይመለስላትም፤ ለጥቂት ጊዜ ይኮራባታል። ሙከራው ሲሠራ ስማርት ስልክ አልነበረም። ስልክ የሚያነብ ሰው ፊት ግን ያንን የደረቀ ፊት ይመስላል፤ ዓይን ወደ ታች፣ ግንባር ዝግ፣ መልስ የለም።

ስማርት ስልክ ከመጣ በኋላ የተሠሩትም ወደዚያው ይጠቁማሉ። ጄኒ ራደስኪ የተባለች የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቿ በቦስተን ፈጣን ምግብ ቤቶች ውስጥ ከትናንሽ ልጆች ጋር የሚበሉ 55 አሳዳጊዎችን ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ 40ዎቹ በምግቡ መሐል ስልክ ወይም ሌላ መሣሪያ ተጠቅመዋል። በስልኩ በጣም የተዋጡት ልጁ ትኩረት ፍለጋ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ በቁጣ ነበር የሚመልሱት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ እናቶች ለ2 ዓመት ልጆቻቸው ሁለት አዳዲስ ቃላት እንዲያስተምሩ ተደረገ። በአንደኛው ቃል መሐል ስልክ ተደወለላቸው፤ ሌላኛውን ሳይቋረጡ ጨረሱት። ልጆቹ ያልተቋረጠውን ቃል ተማሩ፣ የተቋረጠውን አልተማሩም። እናቶቹ ቃሉን የደጋገሙበት ብዛት በሁለቱም በኩል እኩል ነበር። ይህን ልብ በሉት፤ የጠፋው የንግግር ብዛት አይደለም፣ ክሩ ነው።

እዚህ ላይ ሲደርስ ብዙ ወላጅ አንገቱን ይደፋል፤ አስፈላጊ አይደለም። ያው ትሮኒክ በኋላ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ በጣም በሚናበቡ እናትና ሕፃን መካከል እንኳ አብዛኛው ጊዜ አለመገጣጠም እንደሆነ ነው። አንዱ ሲያይ ሌላው ዞሯል፣ አንዱ ሲስቅ ሌላው ሐሳብ ይዞታል። ጤናማ የሚያደርገው አለመገጣጠሙ ቶሎ መጠገኑ ነው። ስለዚህ ግባችን ከልጅ ፊት ስልክ ፈጽሞ ያልያዘ ወላጅ መሆን አይደለም። መቆራረጡን መቀነስና ሲቆራረጥ መጠገን ነው። የጥፋተኝነት ስሜት ደግሞ በተግባር አይጠቅምም፤ ስሜቱ ራሱ ወደ ስልኩ የሚመልስ ጭንቀት ይሆናል። ማክዳንኤል የተባለ ተመራማሪና ያችው ራደስኪ ወላጆችን ለወራት ተከታትለው ያዩት ይህንኑ አዙሪት ነው፤ የልጁ ባሕርይ ሲከብድ ወላጁ ይጨነቃል፣ የተጨነቀ ወላጅ ስልኩ ውስጥ ይሸሸጋል፣ ወላጁ በተሸሸገ ቁጥር የልጁ ባሕርይ ይከብዳል።

አሁን አንዲት የምሽት ቅንጫቢ ቀርበን እንያት። የ7 ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ላይ የመቀነስ ሒሳብ ይሠራል። እናት አጠገቡ ናት። ስልኳን የከፈተችው ለበጎ ነው፤ መምህሯ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ነገ ምን ይዘው እንዲመጡ እንደጻፈች ለማየት። ግሩፑ ውስጥ 23 ያልተነበቡ መልእክቶች አሉ። የመምህሯን ለማግኘት ወደ ላይ ትወጣለች፤ መንገድ ላይ አንዲት ወላጅ ያቀረበችውን ጥያቄ ታነባለች፣ መልሱን ስለምታውቅ ትመልሳለች። ልጁ «እማዬ፣ ከ2 ላይ 7 እንዴት ነው የምቀንሰው?» ይላል። «እሺ» ትለዋለች፣ ሳታየው። መልሱ እሺ የሚሆን ጥያቄ አልነበረም። መልእክቷን ልካ ስትወጣ ከላይ ሌላ ቀይ ቁጥር ታያለች፣ ትነካዋለች፤ የተላከ ቪዲዮ ነው። ልጁ ደግሞ ይጠይቃል። «ቆይ፣ አንዴ ይቺን ልጨርስ።» ሦስተኛው ላይ አይጠይቅም፤ እርሳሱን መሬት ላይ ይጥላል፣ ወይም እህቱን ይነካካል። እናት ቀና የምትለው ያኔ ነው፤ የምታየውም የተጣለ እርሳስና የቆመ የቤት ሥራ ነው። ትቆጣለች። 6 ደቂቃ ሆኗል። ለእሷ 1 ደቂቃ ነበር።

በዚህች ቅንጫቢ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች አሉ፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ስልኩ የተከፈተበት ጉዳይና የቆየበት ጉዳይ አንድ አለመሆናቸው ነው። ሁለተኛው ልጁ እናቱ ምን እየሠራች እንደሆነ ማየት አለመቻሉ ነው። ጋዜጣ የሚያነብ አባት ጋዜጣ ሲያነብ ይታያል፤ በስልክ ግን ሒሳብ መክፈል፣ ሐዘን መድረስ፣ ቀልድ ማየት፣ ለሐኪም ቀጠሮ መያዝ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊትና አንድ ዓይነት አቀማመጥ አላቸው። ሦስተኛው ስልኩ ከተቀመጠ በኋላም የአእምሮ ግማሽ እዚያው መቅረቱ ነው። የሥራ ባህሪ ተመራማሪዋ ሶፊ ለሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 የትኩረት ቅሪት ብላ የሰየመችው ይህን ነው፤ ያልተቋጨ ሥራ ትቶ ወደ ሌላ የሚሻገር ሰው ሐሳቡ ከቀድሞው ጋር ይጎተታል። ግማሽ የተነበበ የሥራ ኢሜይል ይዞ ከልጅ ጋር መጫወት የሚያቅተው ለዚህ ነው።

ወደ ማስተካከሉ ስንገባ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ መለካት ነው። በአይፎን ሴቲንግ ውስጥ ስክሪን ታይም የሚለውን ከፍታችሁ ዝርዝሩን ስትገቡበት በታች በኩል ፒክአፕስ የሚል ታገኛላችሁ፤ ስልኩ በቀን ስንቴ እንደተነሳና ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ የትኛው አፕ እንደተከፈተ ያሳያል። ከሥሩ ኖቲፊኬሽን ከየትኛው አፕ ስንት እንደመጣ አለ። በአንድሮይድ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚለው ነው፤ እዚያ አንሎክስ የሚለው ቁጥር ስልኩ የተከፈተበትን ብዛት ይነግራችኋል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የመጡ ስለሆኑ በጣም አሮጌ ባልሆነ ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛሉ።

ቁጥሩን ስታነቡ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የሳምንቱ አማካይ ነው፤ እሱን ተዉት። የምትፈልጉት የአንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ልጆቹ ቤት ያሉበትን ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ያለውን ብቻ ነው። ሁለተኛው የአይፎን ተጠቃሚዎችን ይመለከታል፤ ልጁ የሚጠቀምበት አይፓድ በእናንተ አካውንት የተከፈተ ከሆነና ሼር አክሮስ ዲቫይስስ የሚለው ከበራ የልጁ ካርቱን የእናንተ ሆኖ ይደመራል። አጥፉትና ለኩ። ከዚያ ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ በዚያ የምሽት ሰዓት ስልኩ ስንቴ ተከፈተ፣ መጀመሪያ የሚከፈተው አፕ የትኛው ነው፣ ኖቲፊኬሽን የሚያበዙት ሦስቱ እነማን ናቸው። የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ለመለካት ተጨማሪ አፕ ያወርዳል፤ ስልኩን ለማየት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ከመሆን አያልፍም።

ብዙ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ኖቲፊኬሽን ማጥፋት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት የተሳታፊዎችን ቀን በትንሽ ካሜራ ቀርጾ ሲያይ ስልክ ከተነካባቸው ጊዜያት 89 በመቶው ያለ ምንም ጥሪ፣ በራሱ በሰውየው ተነሳሽነት የተጀመረ ሆኖ አግኝቶታል። ኖቲፊኬሽን የጠራው 11 በመቶውን ብቻ ነው። ስልኩ ዝም ቢልም እጁ ይሄዳል ማለት ነው። እጁ የሚሄደው ደግሞ ስልኩ ቅርብ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከሴቲንግ በፊት የሚቀድመው ቦታ ነው።

ለስልኩ ቤት ውስጥ አንድ ቋሚ ቦታ ስጡት። ቻርጀሩ እዚያ ይሰካ፤ ከተቻለ ቤተሰቡ ከሚቀመጥበት ክፍል ውጭ፣ ካልተቻለ ከመቀመጫው ተነስቶ ቆሞ ካልሆነ በእጅ የማይደረስበት ከፍታ ላይ። ኪስ ቦታ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ በፊቱ መድፋትም ቦታ አይደለም፤ ልጁ ስልኩን እያየ ነው የሚያወራችሁ፣ መቼ እንደሚያቋርጠው እየጠበቀ። ድምፁን አታጥፉት። እንዲያውም የደወሉን ድምፅ ከፍ አድርጉና የመልእክቶችን ድምፅ ብቻ ዝጉ፤ የሚደውል ሰው ይሰማል፣ የሚጽፍ ሰው ይጠብቃል። ስማርት ሰዓት ያላችሁ ኖቲፊኬሽኑን ከሰዓቱ ላይም አጥፉ፤ ካልሆነ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ መልእክቱን እጅ አንጓ ላይ ማምጣት ነው።

«ድንገተኛ ነገር ቢመጣስ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ሳይነሳ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ዱ ኖት ዲስተርብ የሚባለው የጥሪና የመልእክት ድምፅ መዝጊያ ለዚህ መውጫ አለው። የተመረጡ ሰዎች፣ ለምሳሌ የትዳር ጓደኛ፣ ትምህርት ቤትና አዛውንት ወላጅ፣ ጥሪያቸው ሁልጊዜ እንዲያልፍ መፍቀድ ይቻላል። ከዚህ ሌላ ያው ሰው ደጋግሞ ከደወለ ሁለተኛው ጥሪ ያልፋል፤ በአይፎን በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ በአንድሮይድ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ። ይህን ለቤተሰቡ ንገሩት፦ ከባድ ነገር ከሆነ ሁለት ጊዜ ደውሉ። በሥራቸው ተጠባባቂ የሆኑ፣ ሐኪሞች፣ የጥገና ሠራተኞች፣ የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ለብቻው የተለየ ደወል ይስጡት፤ ያ ደወል ሲሰማ ብቻ ይነሱ።

ቀጥሎ ሥራዎችን ከስልኩ ላይ ማውረድ ነው። ስልኩን ከምትከፍቱባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ ጥቃቅን ናቸው። ሰዓት ለማየት የግድግዳ ሰዓት። ለመነሳት የጠረጴዛ ማንቂያ ሰዓት። የምትሠሩት ምግብ አሠራር ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይለጠፍ። የሚገዛ ነገር ዝርዝር በእርሳስ። ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ላይ አንዴ ተከፍቶ ይተው። እያንዳንዳቸው ትንሽ ይመስላሉ፣ ግን ሰዓት ስንት ሆነ ብሎ ስልኩን የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ሳያይ ነው የሚዘጋው። ይህን ለማመን የማይፈልግ ሰው ራሱን ለአንድ ምሽት ይታዘበው።

በቀን ውስጥ ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት የትኛው ጊዜ ነው ብትሉን ወደ ቤት የሚገባበት ጊዜ ነው እንላለን። ከእንቅልፍ መነሻው፣ ማዕዱና የመኝታው ሰዓትም አሉ፤ አራቱንም በአንድ ቀን የሚጀምር ሰው ግን በሳምንቱ አራቱንም ይተዋል። ይህ ከልጁ ጋር የመገናኛ ሰዓት የሚመረጠው ልጁ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመውን የሚያወጣው ያኔ ስለሆነና አጭር ስለሆነ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ይበቃሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በር ከመክፈታችሁ በፊት ደጅ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ቁሙ። የተጀመረውን መልእክት ጨርሱ፣ መልስ የሚፈልገውን «ከ1 ሰዓት በኋላ እመለስበታለሁ» ብላችሁ ቋጩት። ስልክ ጆሮ ላይ አድርጎ መግባት አይፈቀድም፤ ጥሪው ካላለቀ ውጭ ይለቅ። 3 ደቂቃ ዘግይቶ ባዶ እጅ መግባት በሰዓቱ እያወሩ ከመግባት ይሻላል። ገብታችሁ ስልኩን ወደ ቦታው፣ ከዚያ ወደ ልጁ። ልጁን ከመዋያ ወይም ከትምህርት ቤት የምትቀበሉ ከሆነም ያው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ወላጅ ዓይን ልጁ ሲወጣ የት እንደነበረ ልጁ ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ የሠለጠነ ዘዴ አለ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልቪትዘር ለዓመታት ያጠናው ነገር ነው፤ «ስልክ እቀንሳለሁ» የሚል ውሳኔ ደካማ ነው፣ «ቁልፉን ከበሩ ስነቅል ስልኩን ቻርጅ ላይ እሰካለሁ» የሚል ግን ይይዛል። ልዩነቱ ሁለተኛው ላይ መቼ እንደሚጀመር መታወቁ ነው። ምልክቱ የሚነካ ወይም የሚሰማ ነገር ይሁን፤ ቁልፍ፣ የሳህን ድምፅ፣ የልጁ ጫማ መውለቅ። «ማታ ማታ» ምልክት አይሆንም።

ልጁ አጠገብ እያለ ስልክ መክፈት ግድ ሲሆንስ? ይሆናል፣ በየቀኑ ይሆናል። ያኔ የምትሠሩትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። «ለአክስትሽ መልስ ልጽፍላት ነው፣ ልኬው አስቀምጠዋለሁ።» እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ ምን እንደሚሠራ፣ ማለቂያው ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ስልኩ ወዴት እንደሚሄድ። ማለቂያውን በደቂቃ አትናገሩ፤ «2 ደቂቃ» ብሎ 8 ደቂቃ የቆየ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያምነው የለም፣ ትንሽ ልጅም ስለ ደቂቃ ብዙ አያውቅም። ሥራውን ተናገሩ፣ ሥራው ሲያልቅ አስቀምጡ። ይህ ለልጁ ብቻ አይጠቅምም። ምክንያቱን ጮክ ብሎ መናገር ያቃተው ሰው ምክንያት እንደሌለው ያኔውኑ ያውቃል፤ «ምንም፣ ዝም ብዬ ልመለከት ነው» ለማለት አፍ አይታዘዝም።

ከተቋረጠ ደግሞ ጥገናው አጭር ነው። ስልኩን አስቀምጡ፣ ፊታችሁን አዙሩ፣ የልጁን የመጨረሻ ቃል መልሱለት፦ «ከ2 ላይ 7 እንዴት ይቀነሳል ነበር ያልከኝ።» የመጨረሻ ቃሉን ካልሰማችሁት «አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» ማለት ይበቃል። ረጅም ይቅርታና ማብራሪያ ልጁን ያሰለቸዋል።

ስለ አፕ ገደቦች በአጭሩ። ሁለቱም የስልክ ዓይነቶች ለአንድ አፕ የቀን ገደብ ማስቀመጥ ይፈቅዳሉ። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ 2 ሰዓት የሚጠቀም ሰው በቁጭት 20 ደቂቃ ያደርገዋል፤ በሁለተኛው ቀን ገደቡን ማለፊያውን ይነካል፣ በአምስተኛው ቀን ጣቱ ሳያነብ ይነካዋል፣ ከዚያ ገደቡ የለም። አሁን ከምትጠቀሙት ሩብ ብቻ ቀንሱ፤ 2 ሰዓት ከሆነ 90 ደቂቃ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ቀንሱ። ሁለተኛ፣ ማለፊያው ቅርብ ነው። በአይፎን የስክሪን ታይም ፓስኮድ አውጥታችሁ ሲያልቅ የሚዘጋውን አማራጭ ብታበሩና ፓስኮዱን የትዳር ጓደኛ ቢያስገባው ማለፊያው ይከብዳል። አንድሮይድ ላይ ገደቡን ራሱ ያስቀመጠው ሰው በቀላሉ ያነሳዋል፤ እዚያ የተሻለው አፑን ማጥፋትና ከፈለጉ በኮምፒውተር ብቻ መግባት ነው።

ከሁሉም ሰዓት የሚበሉት ማለቂያ የሌላቸው ገጾች ናቸው። ድሮ አንድ ገጽ አልቆ ቀጣዩን መጫን ነበረብን፤ ያቺ መጫን መቆሚያ ነበረች። አዛ ራስኪን የተባለ የገጽ ንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 የነደፈው ሳይቋረጥ የሚወርድ ገጽ መቆሚያዋን አነሳት፤ ራሱም በኋላ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ስለዚህ መቆሚያውን እኛ ማስገባት አለብን። ዩቲዩብ ላይ ቀጣዩን በራሱ የሚያጫውተውን አጥፉ። አጭር ቪዲዮ ያለበትን አፕ ከመጀመሪያው ገጽ አውጥታችሁ በስም ተፈልጎ ብቻ እንዲገኝ አድርጉት፤ ከተጠቀማችሁም በኋላ ሎግ አውት አድርጉ። ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ማድረግ ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለሌላው በሳምንቱ ይለመዳል፤ ሞክሩት፣ ብዙ አትጠብቁበት። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ሥራ የሌላቸውን ግሩፖች ለሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝጉና ወደ አርካይቭ ውሰዱ። የትምህርት ቤቱን ግሩፕ መተው አይቻልም፤ ግን በቀን ሁለቴ፣ ልጁ ሳይኖርና ከተኛ በኋላ፣ ማየት ይበቃል። ሌሊት 4 ሰዓት ላይ የተጻፈ የነገ ማሳሰቢያ ላላነበበ ሰው ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያለው ሰዓት የተለየ ነው፤ እሱን አንነካውም ማለት ይቀለናል። የደከመ ሰው ማረፍ አለበት፣ ስልክም ከማረፊያዎቹ አንዱ ነው። ችግሩ እረፍቱ እንቅልፉን ሲበላው ነው፤ የጠዋቱ ቁጣ ምንጩ እዚያ ነው። መተኛ ክፍል ውስጥ ስልክ አይደር፣ ማንቂያ ሰዓቱ የተገዛው ለዚህ ነው። ከተጀመረው የተከታታይ ፊልም ክፍል ወይም ከአንድ ጽሑፍ በኋላ የሚያልቅ ነገር ምረጡ፤ የሚወርደውን ገጽ አይደለም። ሌሊት ሕፃን የምታጠባ እናት ላይ ግን ይህ ሕግ አይጫን። በጨለማ ነቅቶ ለመቆየት ስልክ ያግዛል፤ ብርሃኑን እስከ ታች አውርዳ የሚሰማ ነገር ብትከፍት ሁለቱም ቶሎ ይተኛሉ።

ባልና ሚስት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አንዱ የሌላው ፖሊስ ከሆነ ሁሉም ይፈርሳል። በልጅ ፊት «አንተስ ስልክህን አትተውም?» ማለት ጠብ እንጂ ልማድ አያመጣም። አስቀድሞ የተስማሙበት አንድ ምልክት ይኑር፤ ጠረጴዛውን በጣት መንካት፣ ወይም ስልኩ የሚቀመጥበትን ቦታ ማየት። ሌላው ካልተስማማ ደግሞ አንዱ ብቻውን ይጀምር። የተጀመረውን 15 ደቂቃ አንድ ሰው ቢጠብቀው ልጁ ከማንም ከሚያጣ ከአንዱ አገኘ ማለት ነው።

ጎረምሳ ልጅ ያላቸው ቤቶች ሌላ ጥቅም አላቸው፤ ተቆጣጣሪ በነፃ ያገኛሉ። ለታዳጊው የምታወጡት ሕግ ሁሉ እናንተንም እንዲይዝ አድርጉ፤ ማዕድ ላይ ስልክ የለም ከተባለ የአባትም የለም። የሥራ ጉዳይ የሚባለው ልዩ ፈቃድ አስቀድሞ ይነገር፤ ማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ ለየትኛው ደዋይ። በመሐል የሚፈጠር ልዩ ፈቃድ ለልጁም ይፈጠርለታል። ስልኩ የተከፈተበትን ቁጥር በሳምንት አንዴ አብራችሁ እዩት፣ የሁላችሁንም። ቅጣት አያስፈልግም፤ የእናት ቁጥር ከልጁ ሲበልጥ የሚመጣው ሳቅ ይበቃል።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ፊሊፓ ላሊ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በለንደን ያደረጉት ጥናት አዲስ ልማድ ሳይታሰብ የሚሠራ እስኪሆን የወሰደውን ጊዜ ሲለካ መካከለኛው 66 ቀን ሆኖ ተገኝቷል፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ሒደቱን አላበላሸውም። ስለዚህ በ21 ቀን ይለመዳል የሚባለውን አትመኑ፤ በአራተኛው ሳምንት አሁንም እየታገላችሁ ከሆነ የተለመደ ነው። በዚያ አራተኛ ሳምንት የመጀመሪያውን ወረቀት አውጡና ሦስቱን ነገሮች እንደገና ጻፉ። ጠቅላላ ሰዓቱ ሳይቀንስ የምሽቱ መክፈት ብዛት ከቀነሰ እየሠራ ነው፤ ሰዓቱ ወደ ሌሊት ሸሽቷል ማለት ነው፣ ቀጣዩ ሥራ የመተኛ ሰዓቱን መጠበቅ ይሆናል። ጠቅላላ ሰዓቱ ቀንሶ የምሽቱ ብዛት ያው ከሆነ ግን ወደ ስልኩ ቦታ ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ክፍል የነበረው ቻርጀር ወደ ሶፋው አጠገብ ተመልሶ ይገኛል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጅ ሲታመም ወይም ጉዞ ሲመጣ ሁሉንም ለመያዝ አትሞክሩ፤ የመገናኛዋን 15 ደቂቃ ብቻ ያዙ፣ ሌላው ሲመለስ ከእሷ ይቀጠላል።